ፓራውልቴን የሰበሩት ጎረቤቴ

የመኪናዬ ዕድሜ ከሥራ ልምዴ ይበልጣል። ቀለሟ ነጭ ነው፤ ነጭ ነበር ብል ይሻላል። ቂርቆስ ውስጥ ብዙ አባወራ በሚጋራው ጠባብ ግቢያችን ታድርና ጠዋት ጠዋት እየተነጫነጨች ትነሳለች። ያም ሆኖ ምንም ያልነካው አንድ ነገር ነበራት፤ የፊት ፓራውልቷ። ከፊት ለፊት ለሚያያት ሰው የምር መኪና ትመስል ነበር። ያቺ የቀረቻት ክብር የተገፈፈችው በአንድ እሁድ ማለዳ ነው።

ቁርሴን እየበላሁ “ጧ!” የሚል ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ ዝምታ ሆነ። እኛ ግቢ ውስጥ ዝምታ ከሰፈነ ከባድ ነገር ደርሷል ማለት ነውና ጉርሻዬን ሳልውጥ ወጣሁ። ሁልጊዜ በሸራ ተሸፍኖ ከመኪናዬ ፊት የሚቆመው የሐጂ መኪና ሸራው ተገፎ፣ በኋላው መጥቶ የእኔዋ አፍ ውስጥ ገብቷል። ሐጂ ከወሎ መጥተው ሜክሲኮ አካባቢ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ ጎረቤታችን ነበሩ። ካረፉ ዓመት ስላለፋቸው እሳቸውን መጠርጠር አልቻልኩም። መኪናው ውስጥ ማንም የለም። አጠገቡ የቆሙት ባለቤታቸው ናቸው፤ ቁልፉን በሻሻቸው ጫፍ ጠቅልለው ይዘዋል።

“እትዬ፣ ምን ሆነ?” አልኳቸው።

“እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ? መኪናው ራሱ ነው የመጣው።”

“ራሱ?”

“ራሱ። ወላ...” ብለው ጀመሩና ተዉት። አላህን የሚፈሩ ሴት ናቸው።

እኔ በጨዋ ደንብ ያደግሁ ሰው ነኝ። ባለቤቱ የሞተበት መኪና ሐዘኑን ሲያስታምም ከርሞ፣ አንድ እሁድ ነፋስ ልቀበል ብሎ ቢወጣ ምን ይደንቃል? “ዋናው እሱ አለመጎዳቱ ነው” አልኳቸው። እውነትም አልተጎዳም። የዱሮ ሰው የሠራው፣ ፓራውልቱ ብረት የሆነ መኪና ነው፤ ጭረት እንኳ አልወጣበትም። የእኔዋ ፕላስቲክ ግን ከመብራቷ ሥር እስከ ሰሌዳዋ ድረስ ተሰንጥቃ ግማሿ መሬት ሊነካ ተንጠልጥሏል።

ወዲያው የግቢው ሸንጎ ተሰየመ። ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዞረው ካዩ በኋላ “ይሄ በሽቦ ይሰፋል” ብለው ፈረዱ። ሌላዋ ጎረቤት ማስቲሽ ይበቃዋል አሉ። በሕይወቱ መኪና ኖሮት የማያውቅ አንድ ጎልማሳ ደግሞ “ለምን ጭራሽ አትነቅለውም? ያለ እሱም ይሄዳል እኮ” ሲል መከረኝ። በመድኃኒቱ ባይስማሙም በአንድ ነገር ሁሉም ተስማሙ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ሰው መኪናውን እዚያ ጋ ምን ብሎ ያቆማል?

ሽቦው አሸነፈ። ጡረተኛው ራሳቸው ሰፉልኝ። ሲጨርሱ የመኪናዬ ፊት ከቀዶ ጥገና የተመለሰ በሽተኛ መሰለ። በማግስቱ ሜክሲኮ አደባባይ ላይ በትራፊክ ጭንቅንቅ ተይዤ ሳለሁ፣ የአንድ ሚኒባስ ረዳት በመስኮት እስከ ወገቡ ወጥቶ “ፋዘር! ጥርስህ ሊወልቅ ነው!” አለኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ትንሽ እንደሄድኩ ደግሞ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመኝ።

“ይሄ ምንድን ነው?” አለኝ በጫማው ጫፍ እየጠቆመ።

“ፓራውልት ነው።”

“እሱንማ አየሁ። ምን ሆኖ ነው?”

መኪና ራሱ መጥቶ ገጭቶኝ ነው ልበለው? “በቅርቡ አስቀይረዋለሁ” አልኩት። “መንገድ ላይ ሳይወድቅ በፊት ቢሆን ጥሩ ነው” አለና ለቀቀኝ። ለምክሩ አመሰገንኩት። የዚያን ሰሞን ከምክር በቀር የጎደለኝ ነገር አልነበረም።

እትዬ በበኩላቸው ማታ ማታ እየመጡ መኪናዋን መጠየቅ ጀመሩ። መጠየቅ ስል የታመመ ሰው እንደሚጠየቀው ማለቴ ነው። “ዛሬስ እንዴት ዋለች?” ይላሉ፤ አጎንብሰው ስንጥቁን ይዳስሳሉ፤ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። አንድ ቀን ብርቱካን ይዘው መጡ። ለማን እንደሆነ ስላልገባኝ ተቀብዬ እኔው በላሁት። በዚያው ምሽት “ቅዳሜ ካዛንቺስ እንሄዳለን” አሉኝ።

“እንሄዳለን?”

“ብቻህንማ ያታልሉሃል። አንተ ፊትህ ራሱ ኑና አታሉኝ የሚል ነው።”

ካዛንቺስ የማውቀው አንድ ባትላሜራ ነበር፤ የመኪና አካል እየቀጠቀጠ የሚያቃና፣ ከመዶሻው ይልቅ አፉ የሚበረታ ሰው። ቅዳሜ ጠዋት እትዬን አሳፍሬ ሄድኩ። ስንደርስ ጋራዡን አጣሁት። ጋራዡን ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ሰፈሩንም አጣሁት። ያ ሁሉ ቆርቆሮ ቤት፣ ያ ሁሉ ሻይ ቤት ተነስቶ ሰፊ አስፋልት፣ ከአስፋልቱም የሰፋ የእግረኛ መንገድ ሆኗል። ባትላሜራው ከመኪና ሥር ይጋደምበት የነበረው ቦታ መሰለኝ፣ አበባ ተተክሎበት ጥንድ ፍቅረኞች ፎቶ ይነሱበታል። ቦታው አምሮበታል፤ ሐሰት አልናገርም። ፓራውልት ግን አይሸጥበትም።

እትዬ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ግራ ቀኙን አዩ። “እኅቴ የተዳረችው እዚህ ነበር” አሉ፤ ወዲያው ደግሞ “የቱ ጋ እንደሆነ ግን አሁን አላህ ነው የሚያውቅ” ብለው መስኮቱን መልሰው ዘጉት።

ባትላሜራው ጋ ደወልኩ። “ጎተራ ገብቻለሁ” አለኝ። “ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ። ማንንም ጠይቅ፣ ሁሉም ያውቀኛል።”

ወደ ጎተራ ስንጓዝ እትዬ አቀርቅረው ተቀመጡ። ተቀይመው መሰለኝ፤ በኋላ ሳስተውል ዓይናቸው እግሬ ላይ ነው። ፍሬን ስይዝ ያያሉ፤ ማርሽ ስቀይር አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። በመጨረሻ አላስቻላቸውም።

“ሰው ያለው ሁለት እግር ነው። ይሄን መርገጫ ለምን ሦስት አደረጉት?”

“ግራው ለፍሪሲዮን ነው፤ ቀኙ ለሁለቱ ይበቃል።”

“እንግዲያ እሱ ነዋ!” አሉ፤ ጭናቸውን መታ አድርገው። “እኔ ሁለቱን እግሬን ለሁለቱ ሰጥቼ ሦስተኛውን የሚረግጥ አጣሁ!”

ቀይ መብራት ላይ ቆመን ነበር። ዞር ብዬ አየኋቸው። እሳቸው ወደ ፊት እያዩ ነገሩኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሐጂ ጎን ተቀምጠው ሲሄዱ አንድ ቀን አስተምረኝ ብለው ጠይቀው ነበር። ሐጂ ደግ ሰው ነበሩና እምቢ አላሉም። “ለዓረፋ አስተምርሻለሁ” አሏቸው። ዓረፋ ሲመጣ ለሚቀጥለው ዓረፋ። እንዲህ እየተባለ ስንቱ በግ ታረደ። ሐጂ ካረፉ በኋላ ልጆቹ መኪናውን በሸራ ሸፈኑትና ቁልፉን ለእናታቸው ሰጡ፤ እናት ቁልፍ ከማስቀመጥ ሌላ ምን ታደርጋለች ብለው። እትዬ ግን ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ግቢው ተኝቶ ሳለ፣ ሸራውን ከፍ አድርገው እየገቡ መሪውን ጨብጠው ይቀመጡ ነበር። ሞተሩን አያስነሱም፤ ይቀመጣሉ ብቻ።

“በዚያ እሁድ ግን በቃ፣ አስነሳሁት” አሉ። “አንደኛ ማርሽ ያስገባሁ መስሎኝ ነው። ለካ ወደ ኋላው ነው።”

መብራቱ አረንጓዴ በራና ከኋላዬ ያለው ሁሉ በክላክስ መለሰላቸው።

ጎተራ ስንደርስ ሁሉም ያውቀዋል የተባለውን ሰው አንድም የሚያውቀው አልነበረም። ፈልገን ፈልገን ራሱ ጎዳና ላይ ቆሞ በቆሎ እሸት ሲግጥ አገኘነው። በሽቦ የተሰፋውን ፓራውልት ሲያይ በቆሎውን ከአፉ አወጣ።

“ማነው ይሄን የሠራው?”

“የግቢያችን ሽማግሌ።”

“ሽማግሌ ሰው ያስታርቅ፤ ፕላስቲክ አይንካ” አለና የበር፣ የኮፈንና የመብራት ክምር ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ሲመለስ ፓራውልት ተሸክሟል። “ዕድል አለህ። ኦርጅናል ባምፐር ነው።”

“አረንጓዴ ነው እኮ።”

“ኦርጅናል አረንጓዴ ነው። ቀለም ይቀባል፣ ምን ችግር አለው?”

የቆሰለውን ፈትቶ አውጥቶ አዲሱን አሮጌ ገጠመው። ግራው ልክ ገባ። ቀኙ ወደ ውጭ ተንጋዶ ቀረ። ራቅ ብሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሲለካ ቆየና ፍርዱን ሰጠ። “ባምፐሩ ልክ ነው። መኪናዋ ናት የተጣመመችው። እሷን ትንሽ ብንቀጠቅጣት...”

እዚህ ላይ ነው እትዬ ከመኪናዋ የወረዱት።

“ስማ አንተ፤ እኔ ያረጀሁት ጨርቅ ቤት ነው። ልብሱ ሲጠብ ሰውየውን ትከረክመዋለህ?”

“እናቴ፣ ይሄ ልብስ አይደለም...”

“ልብሱን አስተካክል!”

ባትላሜራው እኔን አየኝ። እኔ ሰማዩን አየሁ። ፕላስቲኩን በሙቀት እያለሰለሰ፣ እያጠፈ፣ እየተራገመ አስገባው። እትዬም ከራሱ በላይ ቆመው “እዚያ ጋ ገና ነው” እያሉ አሠሩት። ሲያልቅ ቀጥ ብሎ ቁጭ አለ። “መጀመሪያም ይሄን ላደርግ ነበር” አለ ባትላሜራው። ቀለም ግን ነገ ነው አለን። አዲስ አበባ የኖረ ሰው የጋራዥን “ነገ” ትርጉም ያውቃልና አልተከራከርኩም። አረንጓዴ ከንፈር ያላት ነጭ መኪና ይዤ ቂርቆስ ገባሁ። የግቢው ሰው ወጥቶ አይቶ፣ ሽቦው ይሻል ነበር አለ።

ወሬ ክንፍ አለው፤ የእኛ ግቢ ወሬ ደግሞ ሞተርም አለው። በሚቀጥለው እሁድ የእትዬ ትልቁ ልጅ መጣ። ቢሮ የሚሠራ፣ ሲናገር ግማሹን በእንግሊዝኛ የሚለው ሰው ነው። እናቱን ቤት አስቀምጦ እኔንም አስጠራኝ።

“ማዘር፣ ማለቴ... ይሄ ነገር ሪስክ ነው። በቃ መኪናውን እንሽጠው።” ወደ እኔ ዞረ። “ብሮ፣ ሶሪ። አንተ ነህ ዳሜጅ የደረሰብህ። እስኪ ንገራት።”

እትዬ ጥግ ተቀምጠው ምንጣፉን ያያሉ። እኔ ያን ሰሞን ሁሉ ሳማርር የከረምኩ፣ ረዳት የሳቀብኝ፣ አረንጓዴ ከንፈር የተሸከምኩ ሰው፣ አሁን ብሶቴን የማወጣበት መድረክ ተዘርግቶልኛል። አፌን ከፈትኩ።

“የምን ዳሜጅ?” አልኩት። “ፓራውልቱ እኮ ድሮም የተሰነጠቀ ነበር።”

ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። በውሸቴ ረክቼ እትዬን ባይ፣ ፊታቸው ጭራሽ ተቆጥቷል። ብድግ አሉ።

“አልነበረም!” አሉ። “ደህና ነበር። እኔ ነኝ የሰነጠቅሁት። መኪናው ራሱ አልመጣም፤ ነድቼው ነው። ወደ ኋላም ቢሆን ነድቻለሁ። ወላሂ ነድቻለሁ!”

ልጁ እናቱን እንደ አዲስ ሰው አያት። “ከመቼ ጀምሮ ነው መንዳት የፈለግሽው?” አላት፤ እንግሊዝኛው ሁሉ ጠፍቶበት።

“አንተ ሳትወለድ” አሉት።

ከዚያ በኋላ ስለ መሸጥ የተናገረ የለም። ልጁ ከመሄዱ በፊት ራሱ ሸራውን አጥፎ መኪናው ኮፈን ላይ አስቀመጠና እናቱን መንጃ ፈቃድ ትምህርት ቤት አስመዘገበ። የእኔዋም ከብዙ “ነገ” በኋላ ተቀባች። ነጭ ስንት ዓይነት እንደሆነ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ገላዋ የቆየ ነጠላ፣ ከንፈሯ ትኩስ ወተት። እትዬ ትምህርቱን እንደ ሶላት ሳያጓድሉ ተከታተሉ። በመጀመሪያው ፈተና ወደቁ፤ ፈታኙ በጣም ይጮሃል አሉ። በሁለተኛው አለፉ። እንደ ሰማሁት ያን ቀን የጮኹት እሳቸው ናቸው።

መንጃ ፈቃዱ እጃቸው በገባ ሰሞን፣ “ከካዛንቺስ ተነስታ ጎተራ ኮንዶሚኒየም የገባችውን እኅቴን ዛሬ ልጠይቅ ነውና አብረኸኝ ሂድ” አሉኝ። ቀበቶዬን አጥብቄ በሐጂ መኪና፣ ሐጂ እሳቸውን ያስቀምጡበት በነበረው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። “ቢስሚላሂ” አሉና ተነሳን። ቀስ ብለን፣ እጅግ ቀስ ብለን ሄድን። ሚኒባሱም፣ ባጃጁም፣ አንድ ወፍራም ሰውዬ በእግሩም ቀደመን። እትዬ ማንንም አላዩም። ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው፣ መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ እንደ ሙሽራ እያበሩ ነዱ።

ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ስንደርስ፣ በሁለት መኪኖች መካከል ክፍት ቦታ ነበረች። እትዬ ቦታዋን አዩ፤ መኪኖቹን አዩ፤ መሐል መንገድ ላይ ቆሙና ሞተሩን አጠፉ።

“እትዬ፣ እዚህ አይቆምም እኮ። ለፈተናው ማቆም ተምረዋል አይደል?”

“እዚያ የነበረው በርሜል ነው” አሉኝ። “ይሄ የሰው መኪና ነው።”

ቁልፉን እጄ ላይ ጣል አድርገው ሻሻቸውን አስተካከሉና ደረጃውን መውጣት ጀመሩ። ከኋላ የተሰለፈው ሁሉ ክላክሱን ለቀቀብኝ። ወርጄ በመኪናው ዙሪያ ዞሬ መሪው ላይ ተቀመጥኩና የኋላ ማርሽ ፍለጋ ጀመርኩ።