የአባባ ሚኒባስ

አያታችን አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከጅጅጋ ቶጎጫሌ ሚኒባስ ነድተዋል። የመርሳት በሽታው ጠንቶባቸው የአረጋውያን መኖሪያ ሲገቡ የእኛ ስም ጠፋባቸው፤ መንገዱ ግን አልጠፋባቸውም። ከሰዓት በኋላ ሲሆን በሩ ላይ ቆመው "ክፈቱልኝ፣ ተሳፋሪ እየጠበቀኝ ነው" እያሉ ይጨነቁ ነበር።

ተንከባካቢያቸው ሆዳን በሩን ከመቆለፍ የተሻለ ዘዴ አገኘች። ወንበሮቹን ዛፉ ሥር እንደ መኪና ደረደረችና ክብ ትሪ አምጥታ መሪ ብላ አስጨበጠቻቸው።

"አዴር፣ ቶጎጫሌ ነው?" አለቻቸው። አዴር በሶማልኛ አጎቴ ማለት ነው።

"ነው፣ ግቢ። ጠጋ ጠጋ በሉላት።"

ከዚያ ወዲህ ሚኒባሱ ከሰዓት በኋላ ሳይነሳ ቀርቶ አያውቅም። ጋቢናው እዚያው መኖሪያ ያሉት የእማማ አሻ ነው፤ አባባ ለሌላ ሰው አይፈቅዱም። ልጠይቃቸው ስሄድ እኔንም ያሳፍሩኛል። የልጅ ልጃቸው መሆኔን አያውቁም፤ "አንቺ ቀጭን ነሽ፣ ጠጋ በይ" ይሉኛል። መንገዱ ላይ ግመል ሲገባባቸው በአፋቸው ክላክስ ያደርጋሉ፤ ከኋላ ያሉት አዛውንት ሁሉ ተባብረው የግመሉን ባለቤት ይሰድባሉ። በሕይወቴ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

አርባቸው ካለፈ በኋላ ሆዳንን ላመሰግን ሄድኩ። ወንበሮቹ እንደተደረደሩ ናቸው፤ ሁሉም ተሳፍረዋል። የሾፌሩ ወንበር ላይ ትሪው ብቻ ተቀምጧል። እሱን እያየሁ እንደቆምኩ እማማ አሻ ከጋቢናው ዞር አሉ።

"ግቢ ልጄ" አሉኝ፣ "ሾፌሩ ሻይ ሊጠጣ ወርዶ ነው።"

ከኋላ ያሉት ጠጋ ጠጋ አሉልኝ።