ቢጫው የጌራ ቡና

ልጅ ሳለሁ፣ ያኔ ከተማው ገና እንጦጦ ጫፍ ላይ በነበረበት ዘመን፣ እኛ የካ ተዳፋት ላይ እንኖር ነበር፤ አመሻሽ ላይ የጽድ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ አያቴ ጉርሜሳ ፍሙን እየቆሰቆሱ ያጫውቱን ነበር። በጉብዝናቸው ወራት ከነጋዴዎች ጋር በቅሎ እየነዱ እስከ ጌራ ጫካ ዘልቀዋል። የሰው አያት ስለ ጅብና ስለ ቀበሮ ሲተርት የእኛው ስለ ቡና ነበር የሚያወሩት፤ እኔና ታናሽ እህቴ ደብሪቱ ብናኮርፍም ከዚያ ንቅንቅ አይሉም።

በዚያ ጫካ ፍሬው ሲበስል እንደ ሌላው የማይቀላ፣ ቢጫ ሆኖ የሚቀር ቡና አለ ይሉን ነበር። የአገሩ ሰው ለመንገደኛ አያሳየውም። እሳቸውን ግን ወባ ጥሏቸው ሳለ ያስታመሟቸው ሽማግሌ ሲለያዩ ጥቂት እፍኝ ቋጠሩላቸው። ጣዕሙን ሲነግሩን ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፦ መጀመሪያ እንደ ሎሚ ምላስ ይቆነጥጣል፣ ቀጥሎ ማር ማር ይላል፣ ከዋጡት በኋላ የአበባ ሽታ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ቋጠሮው ግን ማገሩ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። ያኔ ቡና መጠጣት ከሃይማኖት እንደ መውጣት ይቆጠር ስለነበር፣ ክርስትና ሲነሡ የነፍስ አባታቸው ገዝተዋቸዋል። ግዝት ያፈረሰ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይቀበርም።

ከዚያ ክፉ ቀን መጣ። ከብቱ በበሽታ አለቀ፤ በሬ ያጣው ማሳ ጦም አደረ። አባቴ እህል ፍለጋ ቆላ ወርዶ ቀረ። ሳማ እየቀቀልን በላን። የደብሪቱ እግር ቀጥኖ ሆዷ ሲነፋ፣ ያ ሁሉ ኩርፊያዋ ቀርቶ፣ ማታ ማታ «አባባ፣ ጣዕሙን ይድገሙልኝ» ማለት ጀመረች። እሳቸውም ይደግሙላታል። እኛም ምራቃችንን እንውጣለን፤ እራታችን እሱ ነበር።

አንድ ጠዋት አያቴ ቋጠሮውን አውርደው እናቴን ጠሯት።

«ልጄ፣ መንገድ ላይ ስንቅ ሲያልቅብን ቡናውን ቆልተን፣ ወቅጠን፣ በቅቤ ለውሰን እንጎርስ ነበር። ሰው ያቆማል። ለመድኃኒት ያስቀመጥሻትን ቅቤ ስጪኝና ለልጆቹ ላድርግላቸው።»

«አይሆንም፣ አባባ!» አለች እናቴ። «ደብሪቱ ብትሞትብኝስ የት ልቀብራት ነው? ከቅጥር ውጭ? ለጅብ?»

አያቴ «ልጅ የእናቷ ናት» ብለው ቋጠሮውን መልሰው ሰቀሉት።

ደብሪቱ ሳምንት አልቆየችም። በሥርዓት ፍትሐት ተደርጎላት በቅጥሩ ውስጥ ተቀበረች። እናቴ ደረቷን እየደቃች «ማረፊያስ አገኘች፣ ማረፊያስ አገኘች» ትል ነበር።

በማግስቱ አያቴ ማንንም ሳይጠይቁ ቡናውን ቆሉት። ጓሮ ጠርተው የተለወሰውን አንድ ጉርሻ አጎረሱኝ። መጀመሪያ መረረኝ፤ ከዚያ እንደ ሎሚ ቆነጠጠኝ፤ ከዚያ ያ ማር የሚሉት መጣ። አልዋሹንም ነበር። ጣፋጭ በመሆኑ አለቀስሁ። እስኪመሽም ሆዴ ጸጥ አለ። ቋጠሮው እስኪያልቅ በየቀኑ ቆንጥረው ሰጡኝ፤ እሳቸው ጣታቸውን እንኳ አልላሱም።

ዘመኑ አለፈ። ቡናን የሚገዝት ጠፍቶ ጎረቤቱ ሁሉ ይጠራራበት ጀመር፤ እናቴ ግን አንድም ቀን አልቀመሰችም። ስታረጅ አንድ ቀን ድንገት «እውን ያ ቡና ረሃብ ያስታግሥ ኖሯል?» አለችኝ።

«ኧረ የት አባቱ!» አልኋት። «መራራ ነገር ነው፣ እማዬ። ምን ሊጠቅም?»

ዛሬ የአያቴ ጫካም ሽማግሌውም ከልቤ እየደበዘዙ ነው። እናቴ ያን ዕለት እንዴት እንዳየችኝ ግን አይረሳኝም። እጄን በሁለት እጇ ያዘች።

«አንቺስ ታዲያ» አለችኝ፣ «በምን ዳንሽ?»