«ሙሉ በሙሉ ድኗል» የተባለው እጅ

ላባው እናት አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም፤ ደንበኞቹ ያወጡለት ነው። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ምላጩ ጉንጭ ላይ ሲያርፍ አይታወቅም። እሱ ጋ ጺሙን ሊላጭ የተቀመጠ ሰው ሁለተኛው አረፋ ሳይቀባ እንቅልፍ ያሸልበዋል። ሱቁ ጠባብ ናት፤ ዳር ዳሩ የደበዘዘ መስታወት፣ ለተራ ጠባቂ የሚሆን አግዳሚ፣ ከዚያ ወዲያ ሰው ቢጨመር እግር መረጋገጥ ነው። የሠፈሩ ሙሽራ ሁሉ ከእሱ እጅ ነው የሚወጣው። ታሞ የተኛ ሰው ካለ ደግሞ ዕቃውን በቦርሳ ይዞ እቤቱ ድረስ ሄዶ ይላጨዋል። «በሽተኛ ፊቱ ሲጸዳለት ግማሹ ሕመም ይቀለዋል» ይላል፤ ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ከማንም ገንዘብ ተቀብሎ አያውቅም።

አንድ ጠዋት ሱቁን ሊከፍት ሲሄድ ዜብራው ጋ ደረሰ። በወዲህኛው መስመር የነበሩት መኪኖች ቆሙለት፤ እጁን አንስቶ አመስግኗቸው ገባ። በወዲያኛው መስመር ግን የአንድ ድርጅት ፒክአፕ ዕቃ እንደጫነ ሳይቆም መጣ። ሾፌሩ ዓይኑ ስልኩ ላይ ነበር፤ ይህን ኋላ ራሱ ለትራፊክ ፖሊሱ አምኗል። ላባው ተመትቶ ሲወድቅ ቀኝ እጁን አስቀደመ። አንጓው ላይ አጥንቱ ተሰባበረ፤ የተሰበረውም አጥንት ነርቩን ጎዳው።

ሆስፒታል በተኛ በማግስቱ ሱፍ የለበሰ አንድ ጎልማሳ ብርቱካን አንጠልጥሎ መጣ። ፒክአፑ ዋስትና ከገባበት ኢንሹራንስ ነው የተላከው። ወንበር ስቦ አልጋው ጥግ ተቀመጠና «እንኳን ነፍስዎን አተረፈልን ጋሼ» አለ፤ የሥጋ ዘመድ እንኳ እንደዚያ አንጀት የሚበላ ድምፅ የለውም። ከዚያ ቦርሳውን ከፈተ። «የሆስፒታሉ ወጪ ቶሎ እንዲከፈል እዚህች ጋ ብቻ ይፈርሙልኝ። ቀኝዎ ከታሰረ በግራዎ ጫር ቢያደርጉም ይበቃል።»

ላባው በማደንዘዣው ምክንያት ዓይኑ ገና በወጉ አልተገለጠም። ብዕሩን ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ ሚስቱ ወረቀቱን አነሳችው። የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት፤ ለልጆቹ ተረት እንደምታነብላቸው ቃል በቃል፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። «ከዚህ በኋላ በአደጋው ምክንያት ምንም ዓይነት የካሳ ጥያቄ እንደማላቀርብ…» እዚህ ላይ ቆም አለችና ሰውየውን አየችው። «ይሄ የሆስፒታል ወጪ መክፈያ ነው ወይስ የአፍ መዝጊያ?»

«የተለመደ አሠራር ነው እትዬ። ሁሉም ይፈርማል።»

«ሁሉም እንዲህ በመድኃኒት ደንዝዞ ሳለ ነዋ የሚፈርመው። ብርቱካንህን ያዝና ሂድልኝ።»

ሰውየው ሳቅ ብሎ ወጣ፤ ያቺ ሳቅ ናት እስከ ዛሬ ላባውን የምታንገበግበው። ሰው አልጋ ላይ ወድቆ ሳለ መብቱን ሊወስድበት የመጣ ሰው ቢቆጣ፣ ቢያፍር፣ ቢደነግጥ ያባት ነበር። እሱ ግን ከጎኑ ያለው አልጋ ጋ ሄዶ «እርስዎስ በምን አደጋ ነው?» ይል ጀመር።

ጄሶው ሲፈታ እጁ እጅ ይመስል ነበር። ጣቶቹ ይታጠፋሉ፣ ይዘረጋሉ። ነገር ግን ይንቀጠቀጣሉ፤ የአውራ ጣቱና የሌባ ጣቱ ጫፍ የያዘው ምን እንደሆነ አይለየውም። ላባው ይህን ለሚስቱ እንኳ ደፍሮ አልነገራትም። ሱቁን ከፈተና የመጀመሪያ ደንበኛውን አስቀመጠ፤ ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው፣ የልጅነት ጓደኛው። ጉንጩን በደህና ጨረሰ። ጆሮው ሥር ሲደርስ እጁ ዘለለ። ደሙ ነጩን ፎጣ ሲያቀላው ፖስተኛው ራሱ በመዳፉ ጫን አድርጎ ያዘውና «ኧረ ምንም አይደለም፣ አላመመኝም» አለ። ላባውን የገደለው ይሄ ነው። ቢሰድበው ይሻለው ነበር። ምላጩን አጥቦ መሳቢያ ውስጥ ከተተና በሩን ከውስጥ ቆለፈ።

ኢንሹራንሱ ካሳ ከመወሰኑ በፊት በራሱ ሐኪም እንዲታይ ጠራው። ሐኪሙ ካርዱን ሳያነሳ «ብርጭቆዋን ያዛት» አለው። ያዘ። «ብዕሩን አንሳ። ጨብጠኝ። በቃ፣ መሄድ ትችላለህ።»

«ዶክተር፣ ሥራዬ ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም እኮ።»

«እሱ የእኔ ክፍል አይደለም» አለ ሐኪሙ፤ ወዲያው የሚቀጥለውን ሰው አስጠራ።

መልሱ መጣ። የቀኝ እጁ ሙሉ በሙሉ ድኗል፤ የዕለት ተዕለት ተግባሩን ማከናወን ይችላል፤ ስለዚህ ከሕክምና ወጪ በስተቀር የሚከፈል ካሳ የለም። ላባው ደጋግሞ አነበበው። የዕለት ተዕለት ተግባር የሚሉት የማንን ዕለት ነው? እሱ ሲነጋ ተነስቶ ብርጭቆ ይዞ የሚውል ሰው ነው እንዴ? የሰው ጉሮሮ ላይ ምላጭ የሚያሳርፍ ሰው እኮ ነው። ዓይናቸውን በጨው አጥበው፣ ያላዩትን አየን ብለው፣ ማኅተም መትተው ላኩለት።

የሚስቱ ወንድም ሊያጽናና መጣ። «የሰጡህን ተቀበልና ተገላገል» አለ። «ከእነሱ ጋር ችሎት ለችሎት ስትንከራተት ዕድሜህ ያልቃል። ነፍስህን ያተረፈልህን አምላክ አመስግን።»

«ነፍሴን ያተረፈው አምላክ ነው፣ አመስግኛለሁ» አለ ላባው። «እጄን የሰበረው ግን ሾፌሩ ነው። ሁለቱን አታምታታብኝ።»

በነጋታው ከሱቁ ፊት ለፊት ባለው ፎቅ ላይ ወዳለው የአንዲት ጠበቃ ቢሮ ወጣ። አባቷን ያውቃቸው ነበር፤ የአልጋ ቁራኛ ሆነው ሳለ እስከ መጨረሻቸው ድረስ እየሄደ ይላጫቸው ነበር። ስታየው ከወንበሯ ተነሳች። ነገሩን ሲነግራት አላቋረጠችውም፤ ሲጨርስ ግን ፊቷ ቀልቶ ነበር።

«ይስሙኝ ጋሼ» አለች። «የሆስፒታሉ ወጪ አንድ ነገር ነው፣ የመሥራት አቅምዎ ሌላ ነገር ነው። አካልዎ ሲጎዳ የሚመዘነው ከሙያዎ ጋር ነው እንጂ በብርጭቆ አይደለም። የእነሱን ሐኪም ካላመኑ ገለልተኛ የሕክምና ቦርድ እንዲያይዎት መጠየቅ መብትዎ ነው። አቤቱታው ግን የጊዜ ገደብ አለው። ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና እያሉ የሚያመላልሱዎት ያ ጊዜ እንዲያልፍብዎት ነው።»

«እንዲህ እያደረጉ የስንቱን ጊዜ አሳልፈውበታል ልጄ?»

«እኔ ጋ የማይመጣውን ሁሉ» አለችው።

ክሱ ተከፈተ። ኢንሹራንሱ በመጀመሪያ ሰውየው ዜብራ ላይ አልነበረም አለ፤ የትራፊክ ፖሊሱ የአደጋውን ቦታ የነደፈበት ፕላን ሲቀርብ ተወው። ቀጥሎ ዘሎ ገባ አለ፤ ቆመውለት ከነበሩት ሾፌሮች አንዱ መጥቶ ሲመሰክር ይሄንንም ተወው። ያለ ኀፍረት አንዱን ውሸት ጥሎ ሌላውን ሲያነሳ ላባው ጥርሱን ነክሶ ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር። በመጨረሻ ሐኪሙን አቀረቡ። ሐኪሙም እጁ ሙሉ በሙሉ መዳኑን በሙያው አረጋገጠ።

ላባው ከተቀመጠበት ተነሳ። ጠበቃዋ እጅጌውን ልትይዘው ሞክራ ነበር። «ክቡር ዳኛ፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ ይፈቀድልኝ» አለ። ዳኛው ራሳቸውን ነቅንቀው ፈቀዱለት። ወደ ሐኪሙ ዞረ። «ዶክተር፣ ጺምዎ አድጓል። ሱቄ ከዚህ ሩቅ አይደለም። ከዚህ ስንወጣ ልላጭዎት?»

አዳራሹ ውስጥ ሰው ሳቀ። የኢንሹራንሱ ጠበቃ ይህ ቀልድ ነው ብሎ ተቃወመ። «ቀልድ መሆን አለመሆኑን እኔ ላመዛዝን» አሉ ዳኛው፤ ወደ ሐኪሙም ዞረው «ይመልሱለት» አሉ። ላባው ቀኝ እጁን ወደፊት ዘርግቶ ቆሞ ነበር። ጣቶቹ ነፋስ እንደነካው ወረቀት ይርገበገቡ ነበር፤ ከኋላ ረድፍ የተቀመጡት ሁሉ ያያሉ። ሐኪሙ እጁን ሳያስበው ወደ አንገቱ ላከ።

«አልላጭም» አለ በመጨረሻ።

«ለምን?» አሉ ዳኛው።



ላባው በሕክምና ቦርድ እንዲታይ ታዘዘ። የቦርዱ ሐኪሞች ሥራውን ጠየቁት፣ ነርቩን በመሣሪያ ፈተሹ፣ የጣቶቹን ጫፍ በመርፌ እየነኩ «ተሰማህ?» አሉት። ጉዳቱ ዘላቂ ነው፣ በሙያው ሊሠራ አይችልም ብለው ጻፉ። ፍርዱ ለእሱ ሆነ። ኢንሹራንሱ ይግባኝ ብሎ ተሸነፈ፤ ካሳውን ለመክፈል ደግሞ እስኪገደድ ድረስ አንዴ ኃላፊው የለም፣ አንዴ ሲስተሙ አልሠራ አለ እያለ አለፋው። በተከፈለው ገንዘብ ላባው ሱቁን አስፋፋ፣ ሁለት ጥሩ ባለሙያዎችን ቀጠረ። ገቢው ከበፊቱ አልከፋም። ምላጩን ግን ከዚያ ወዲህ አልነካውም።

ሰዎች «እንኳን ደስ አለህ» ሲሉት ፊቱ ይከፋል። በፍርዱ ቀን የፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ጠበቃዋን «ያ ሐኪም ምን ይሆናል?» ብሎ ጠይቋት ነበር። «ምንም» አለችው። «ምንም ማለት?» «ዛሬ ከሰዓት ሌላ ሰው ይመረምራል ጋሼ።»

ይህን ሊውጠው አልቻለም። የሐኪሞችን ሥነ ምግባር የሚከታተለው መሥሪያ ቤት ሄዶ በግራ እጁ አቤቱታ ጻፈ። ፊደሉ የተንጋደደ ነው፣ ግን ይነበባል። መልስ ሲጠፋ ሄዶ ጠየቀ፤ እየተጣራ ነው ተባለ። እንደገና ሄደ። ሚስቱ «አሁን ምን ቀረህ?» ብትለው «የእኔስ አለቀ» አላት። «ዛሬ ያ ሰው ፊት ብርጭቆ የሚይዘው ግን የማን ባል እንደሆነ አላውቅም።»

ባለፈው ሰኞም ሄዶ ነበር። እንግዳ ተቀባይዋ አሁን በደንብ ታውቀዋለች፤ ከሩቅ ስታየው «ገና ነው ጋሼ» አለችው።

«ግድ የለም ልጄ» አለና አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። «ዛሬ ሥራ የለኝም። ኃላፊው እስኪገቡ እጠብቃለሁ።»