ድሪ የሆኑት ሽልንጎች

ልጅ እያለሁ የእንግሊዝን ነገሥታት የማውቃቸው ሳንቲም ላይ ባለው ጺማቸው ነበር። አንዱ ጺሙ የተንዠረገገ፣ ሌላው ተላጭቶ ጸጉሩን በቅባት ወደ ኋላ ያበጠረ ነው። ከሁሉም በፊት የነገሠችው ደግሞ ራሷን ተከናንባ የተኮሳተረች አሮጊት ናት። እሷን እኔና አባዬ «እማማ» ነበር የምንላት። ስማቸውን አባዬም አያውቀውም ነበር። ፈረንጅኛ የሚያነቡ ደንበኞች ነበሩት፤ ግን አንድም ቀን ጠይቋቸው አያውቅም።

አባዬ ፒያሳ ውስጥ ሰዓት ሠሪ ነበር። ሱቁ ከወርቅ ቤቶቹ ጎን የተለጠፈች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ የሚጠብቅባት ክፍል ናት። ውስጧ ቤንዚንና የሰዓት ዘይት ይሸታል፤ ማለዳ ላይ ደግሞ ከጎረቤት ኬክ ቤት የሚመጣው ሽታ ሆዴን ያንጫጫው ነበር። ጣሊያን ሲወጣ ከእንግሊዝ ወታደሮች ጋር የገባው ሳንቲም በየሰዉ ሣጥን ሥር ተረስቶ ቀርቶ ስለነበር፣ ሰዓት ሊያሠሩ የሚመጡ ሽማግሌዎች አንዳንዱን ይዘውለት ይመጣሉ። የሰፈሩ አራዶች መቼም አይምሩም፤ «ሰው የሚሠራ ብር አጥቶ ይቸገራል፣ አንተ የማይሠራውን ታሳድዳለህ» ይሉታል። እየሳቀ ሥራውን ይቀጥላል።

እሑድ ሱቁ ዝግ ነው። ከምሳ በኋላ አባዬ የከረሜላ ቆርቆሮውን ከአልጋው ሥር አውጥቶ ሽልንጎቹን በጨርቅ ላይ ይደረድራቸዋል፤ ትልልቆቹን የመዳብ ፔኒዎችም ለብቻ። ዓይን ላይ የምትሰካዋን ማጉያውን ለኔ ይሰጠኛል። ሳንቲሞቹን በጠርዛቸው እንጂ በፊታቸው መያዝ ክልክል ነው፤ ማጠብማ የማይታሰብ ነው። ጥቁረታቸው ዕድሜያቸው ነው ይለኝ ነበር፤ እሱ ከተነሳ ማንም የሰፈር አንጥረኛ ትናንት የሠራው ብር ይሆናሉ። ደግሞ አንዱ ንጉሥ ወደ ግራ ካየ ተከታዩ ወደ ቀኝ እንደሚያይ ያሳየኝ እሱ ነው። ጎን ለጎን ያስቀምጣቸውና «ተኳረፉ» ይለኛል፤ ቦታ ያቀያይራቸውና «ታረቁ» ይለኛል። እናቴ እኔን ስትወልድ ነው የሞተችው፤ አባዬ ደግሞ ዝምተኛ ሰው ነው። ከእነዚያ ሳንቲሞች በቀር ከኔ ጋር የሚያወራው ነገር አልነበረውም።

ያሳደገችኝ የአባዬ ታላቅ እህት እቴቴ ናት። አትክልት ተራ ሽንኩርትና ቲማቲም ስትሸጥ ውላ ማታ ጸጉሬን የምትጎነጉንልኝ፣ ከወሎ ከመጣች ሃያ ምናምን ዓመት አልፏት ወሎን ከአፏ የማትለይ ሴት ነበረች። በነሱ አገር ልጅ የሚያከብር አባት ጠገራ ብሩን ለአንጥረኛ ሰጥቶ፣ በየአናቱ ክር የሚያልፍበት ጆሮ አስበይዶ፣ ለሴት ልጁ ድሪ ያሠራል። እሷ ግን አባቷ ቶሎ ስለሞተባት ባዶ አንገቷን ነው የተዳረችው። ይህን ስታነሳ አንገቷን ትዳብስ ነበር።

አንድ ዓመት፣ አረፋ ሊደርስ ሲል፣ አባዬ ለለቅሶ ደሴ ሄደ። ከትምህርት ቤት ስመለስ እቴቴ ከወትሮው ቀድማ ገብታ ጠበቀችኝ። አጠገቧ አስቀመጠችኝና አንገቴ ላይ የሚቀዘቅዝና የሚከብድ ነገር አጠለቀችልኝ። ሽልንጎቹ ነበሩ። በሎሚና በአመድ ታሽተው ዓይን ይወጋሉ፤ በእያንዳንዱ ንጉሥ አናት ላይ ጆሮ ተበይዷል።

«ወንድ ብር የሚያጠራቅመው ለልጁ ካልሆነ ለማን ነው?» አለችኝ። «አንጥረኛ ቤት መሄዱን ሲያመነታ ጊዜው አለፈ፤ እኔ ልሂድለት ብዬ ነው።»

ታለቅስ ነበር፤ ከደስታዋ ብዛት። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረግኩላት።

አባዬ ሲመለስ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ አሳየችው። ድሪውን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ሄደ። ማጉያውን ከኪሱ አውጥቶ አንድ በአንድ አያቸው። የእማማ መከናነቢያ ታሽቶ አልቆ ፊቷ ልሙጥ ሆኗል፤ ብየዳው የጺማሙን ግንባር ሸፍኖታል። ማጉያውን መልሶ ኪሱ ሲከት፣ አሁን ይጮኻል ብዬ ጠበቅኩ።

«እጅሽ ይባረክ፣ እቴቴ» አላት።

ሌላ ቃል አልወጣውም፤ ያን ዕለትም ሆነ ከዚያ ወዲህ። ለአረፋ ድሪውን አድርጌ ብወጣ ጎረቤት ሁሉ መረቀኝ። አንጥረኛው ያልፈለጋቸውን ፔኒዎች አባዬ ለሰፈር ልጆች አደላቸው፤ በቆርኪ ፋንታ ሲጫወቱባቸው ከርመው ቱቦ ውስጥ ገብተው ቀሩ። ሽማግሌዎቹ የሚያመጡለትን ሳንቲም አመስግኖ ይመልስላቸው ጀመር። እሑድ እሑድ እንደ ልማዴ አጠገቡ እሄድና እቀመጣለሁ። ትምህርት እንዴት ነው ይለኛል፤ ደህና ነው እለዋለሁ፤ ከዚያ ሬዲዮ እንሰማለን። እቴቴን ልጠላት ሞክሬ አልቻልኩም። በሕይወቷ ከሠራችው ሁሉ ትልቁ ይህ እንደሆነ እያመነች ነው የሞተችው። የሚጠሉት ሰው ማጣት እንዴት እንደሚያንገበግብ የደረሰበት ያውቀዋል።

አሁን የአባዬ ሱቅ የነበረበት ቦታ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል፤ እኛም ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገብተናል። ፒያሳ የሚያስኬደኝ ጉዳይ ብዙ የለም፤ በሄድኩም ቁጥር የት እንደቆምኩ ግራ ይገባኛል። አባዬ ከሰማንያ አልፏል። አንዳንድ ቀን በእናቴ ስም ይጠራኛል።

በቅርቡ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው ዘንድ አንድ ሽልንግ አገኘሁ። ጠቁሯል፣ ማንም አልነካውም፣ ጺሙ ፀጉር በፀጉር ይቆጠራል። እሑድ እስኪደርስ እንደ ሕፃን አላስቻለኝም። ይሄን ካየ ያወራኛል ብዬ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ጨርቅ ዘርግቼ ፊቱ አስቀመጥኩለት።

አነሳው፤ ብዙ አገላበጠው። ከዚያ በአውራ ጣቱ ከላይ በኩል ጠርዙን እየዳበሰ የሆነ ነገር ፈለገ።

«ጆሮው ወልቋል» አለኝ። «ለአንጥረኛው ስጪው፤ መልሶ ይበይድልሻል።»

ያኔ ዝም ሲል የጠፋውን እያወቀ ነበር። እኔም ባልናገር እንኳ አብሬው አውቅ ነበር፤ ሁለት ነበርን። አሁን እሱ የሚያስታውሰው ድሪውን ብቻ ነው።

«እሺ አባዬ» አልኩት።