ኮምቦልቻ ወርዶ የተቃና ሸክላ

የልጄ ባል ባለፈው ከአዲስ አበባ ሲመጣ በብርድ ልብስ የጠቀለለውን ነገር ከመኪናው ታቅፎ ሲያወርድ አይቼ፣ በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ የልጅ ልጅ አስታቅፈውኝ ሊሄዱ ነው ብዬ ደንግጬ ነበር። የወጣው ግን ሸክላ ማጫወቻ ነው፤ ከእሱም ጋር በስስ ላስቲክ የታሸገ፣ ገና እጅ ያልነካው አንድ ትልቅ የፈረንጅ ሸክላ። ላስቲኩን በጥፍሩ ሲሰነጥቀው የአዲስ ካርቶንና የቀለም ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ሽፋኑ ላይ አምስት ፀጉራም ልጆች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። አወቅኋቸው። እነሱ ግን እኔን የሚያውቁኝ አይመስለኝም፤ ያኔ የእኔ ፀጉር ከእነሱ ይበልጥ ነበር፣ ዛሬ አናቴ ላይ ዝንብ ብታርፍ ተንሸራትታ ትወድቃለች።

ልጁ አስረዳኝ። እነዚህ ሰዎች በፈረንጆች ስድሳዎቹ ያወጡትን አልበም፣ መጀመሪያ የተቀዳበት ዋናው የቴፕ ክር ከተቀመጠበት ወጥቶ፣ ተጠርጎና ተፈትሾ፣ ለጆሮ ጥንቁቆች ተብሎ በወፍራም ሸክላ እንደገና ታትሟል። በጣት አይነካም፣ በጠርዙ ብቻ ይያዛል፣ መርፌው ሳይወርድበት በለስላሳ ብሩሽ ይጠረጋል። እኔ ዓይኔን ስታከም እንኳ እንዲህ አልተጠነቀቁልኝም። ሁለቱን ድምፅ ማጉያዎች ግራና ቀኝ አቁሞ እኔን መሃል ላይ በወንበር ገተረኝና "አባባ፣ ራስዎን ወዲያ ወዲህ አያድርጉት፣ ድምፁ የሚገናኘው እዚህች ነጥብ ላይ ነው" አለኝ። ጉርድ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው አንገቴን አቃንቼ ተቀመጥሁ።

ምን ልበል፣ ንጹሕ ነው። ዘፋኙ ገና ሳይጀምር አየር ሲስብ ይሰማል፤ ጊታሩን የሚመታው ልጅ ጣቱን ከክር ወደ ክር ሲያሻግር ይሰማል። እኔ የማውቀው ያ ዘፈን ግን ይወዛወዝ ነበር፤ ድምፁ እንደ ሐረጎ ዳገት መንገድ እየተጠማዘዘ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ስለዚህ ከፍ የሚልበት ቦታ ደረሰ ብዬ ስጠብቅ ቀጥ ብሎ ሲያልፍ፣ ደረጃ ያለ መስሎት በጨለማ እግሩን እንዳነሳ ሰው ልቤ ባዶ ረገጠ። ከዚያ ወዲያ የልጄ ባል ስለ መርፌና ስለ ሽቦ ያወራውን አልሰማሁም።

ያ በልጅነቴ የማውቀው ሸክላ የሰይድ ነበር። ሰይድ ጎረቤቴና የልብ ጓደኛዬ ነው፤ ደሴ፣ ከሸዋ በር በላይ፣ አጥራችን አንድ የሆነ ቤት ልጆች ነን። አሰብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር አጎቱ ከወደብ ያመጣለት ያ ሸክላ ለእኛ እንደ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ ያስተማረን ነገር ባይኖርም አዘውትረን እንገኝ ነበር። በክረምት ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ፣ በሩን ሳያንኳኳ ገብቶ፣ ከእኛ ጋር አልጋው ጫፍ ላይ የሚቀመጥ ይመስለኝ ነበር። የረጠበ ሹራብ ይሸታል፣ የጋዝ ምድጃ ይሸታል፣ እኛ ደግሞ አንዲት ቃል የማናውቀውን እንግሊዝኛ ዓይናችንን ጨፍነን እንዘፍነዋለን። እኔ በተለይ የማላውቀውን ቃል ከሚያውቀው ሰው አስበልጬ እጮኽ ነበር። ሱሪዎቻችንን የሚሰፋልን የሰይድ አባት አብዬ ይማም ናቸው፤ ልብስ ሰፊ ናቸው፣ ሱቃቸው ኮምቦልቻ ነው፤ በደሴ ብርድ ጣቴ መርፌ አይዝልኝም እያሉ በየማለዳው በአውቶቡስ ወርደው ማታ ይመለሳሉ። የእኔን ሱሪ ከጉልበት በታች ያለውን ስፋት ሲለኩ "ጎፈሬው፣ ከዚህ አንድ እግር ለጎረቤት ልጆች ሁለት ሱሪ ይወጣል፣ አላህ ይጠይቅሃል" ይሉኝ ነበር። ይሰፉታል ግን።

ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። ወጣት መሆን ራሱ የሚያስጠይቅበት፣ ቤት የሚፈተሽበት፣ የፈረንጅ ዘፈን መስማት የኢምፔሪያሊዝም ወገን የሚያሰኝበት ጊዜ ነው። ሰይድ አንድ ማለዳ አክስቴን ልጠይቅ ብሎ ወደ ባቲ ሄደ፤ ከባቲ ወዲያ በረሃውን ይዞ ወደ ጅቡቲ ተሻገረ ተባለ፤ ከተባለው በቀር ሌላ ነገር አልመጣም። ማጫወቻው አልጋው ሥር ቀረ። አብዬ ይማም ሸክላውን ብቻ፣ ፈታሽ እንዳያገኘው፣ በጨርቅ መሃል ደብቀው ኮምቦልቻ ወሰዱትና በሱቃቸው ጣሪያ፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ሸጎጡት። የኮምቦልቻን በጋ ቆርቆሮ ሥር ሆኖ የሚችል ነገር የለም። ሲያወርዱት ጠርዙ እንደ ሙሽራ ቀሚስ ዘርፍ ይርገበገብ ነበር።

በአቡጀዲ ጠቅልለው ቤታችን ይዘውት መጡ። እናቴ አቡጀዲውን አይታ፣ ከፈን መስሏት፣ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"ጎፈሬው፣ ይህ ነገር ይቃናል?" አሉኝ።

"ምን አገኘው አብዬ?"

"ከሰው ዓይን ልሰውረው ብዬ እኔው ነኝ ያጠፋሁት። ሰይድ መጥቶ ሸክላዬስ ያለኝ እንደሆነ ምን ልለው ነው?"

ልጃቸው ይመጣል አይመጣም የሚለውን ጥያቄ ዘለው፣ ሲመጣ ስለሚጠይቃቸው ዕቃ ነው የተጨነቁት። እኔ ደግሞ በሕይወቴ አንድ የሸክላ መርፌ የቀየርሁ፣ እሱንም አገላብጬ የሰካሁ ሰው፣ ሸክላውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጌ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ መረመርሁና "ይቃናል፣ ቀላል ነው" አልኋቸው።

የሰማሁት ዘዴ ይህ ነው፦ ሸክላውን በሁለት መስታወት መሃል አስተኝቶ፣ ፀሐይ ላይ አለስልሶ፣ ከላይ ከባድ ነገር ጭኖ፣ ሳይነኩ ማቀዝቀዝ። የሳሎናችንን መስኮት ሁለት መስታወት ነቅዬ ግቢ ውስጥ ሥራ ጀመርሁ፤ እናቴ ቀዳዳውን በካርቶን ደፈነችው፣ ስለ እኔም የምትለውን ለጎረቤት አለች። የደሴ ፀሐይ ግን ለመታየት እንጂ ለሥራ የምትወጣ አይደለችም። ጠዋት ብቅ ትልና እኔ አጠገቡ ቁጢጥ ስል ጉሙ ይመጣል፤ ሸክላው ላይ ጤዛ፣ እኔ ላይ ጉንፋን። አንድ ቀን ጭራሽ በረዶ ዘነበበት። አብዬ ይማም በአጥሩ አናት አንገታቸውን አስግገው አዩንና "ኮምቦልቻ ነው ያጎበጠው፣ እሱው ያቃናልን፣ ተነስ" አሉ።

መስታወቱን በጋቢ ጠቅልለን በአውቶቡስ ወረድን። ደሴና ኮምቦልቻ ጎረቤት ይሁኑ እንጂ ሰማያቸው ለየቅል ነው፤ ደሴ ላይ ተኮራምቶ የተሳፈረ ሰው ሐረጎን ሲወርድ መጀመሪያ ጋቢውን፣ ከዚያ ሹራቡን እያወለቀ፣ ቦርከና ወንዝ ሲደርስ ልብሱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ሌላ ሰው ሆኖ ይወርዳል። በመስኮቱ የሚገባው አየር ከቆላው ከሐርቡ የመጣ ፓፓያ ይሸታል። ሸክላውን ከሱቁ ኋላ ጠረጴዛ ላይ በሁለቱ መስታወት መሃል አስተኛነው፤ ከላይ አብዬ ይማም የከሰል ካውያቸውን፣ ከሰሉ ወጥቶ፣ አስቀመጡበት። እኔ ዘብ ቆምሁ፣ ማለት ግድግዳ ተደግፌ አንቀላፋሁ። ከውስጥ የስፌት መኪናቸው ፔዳል ይሰማል፤ ይሮጣል፣ ያርፋል፣ ይሮጣል። በእረፍቱ ብቅ ብለው መስታወቱን ጎንበስ ብለው ያያሉ።

"ይህ ሰውዬ ስለ ምንድን ነው የሚዘፍነው?" አሉኝ አንድ ጊዜ።

"ስለ ሴት ነው መሰለኝ አብዬ።"

"ታዲያ ለምን ይጮኻል?"

"እመጣለሁ ብላው ቀርታበት ይሆናል።"

ወደ ውስጥ ተመለሱ። ፔዳሉ ለረጅም ጊዜ አልተሰማም፤ እኔም አፌን ብሰፋው በወደድሁ፣ መርፌውም ክሩም እዚያው ነበር።

ወደ አመሻሹ ሸክላው ለስልሶ ከመስታወቱ ጋር ተኛ። ነገር ግን እስኪጠነክር መቀዝቀዝ አለበት፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ፀሐይዋ ብታዘቀዝቅም ምድሯ አይበርድም። ስለዚህ የለሰለሰውን እንደ ተጫነ ወደ ደሴ ብርድ ማድረስ ነበረብን። መስታወቱን በአራት ጉልበታችን ላይ አጋድመን፣ ካውያውን አናቱ ላይ አድርገን፣ አንድ ሰውነት ሆነን አውቶቡስ ውስጥ ተቀመጥን፤ አንዳችን ብናስነጥስ ሁለታችንም እንጠፋ ነበር። ኬላው ላይ ጠመንጃ ያነገተ ወጣት ለፍተሻ ገባና እኛ ዘንድ ሲደርስ ቆመ።

"አባት፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ዘፈን ነው" አሉ አብዬ ይማም።

"ካውያውስ?"

"እንዳይነሳ ነው።"

"የማን ዘፈን ነው?"

"የልጄ።"

"ልጅህ የት አለ?"

አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሌላ የሚያየው ነገር ፈለገ። እኔ ካውያውን በሁለት እጄ ጨብጬ ያዝሁ። አብዬ ይማም ግን ገበያ እንደተጠየቀ ሰው ረጋ ብለው "መንገድ ላይ ነው፣ ይመጣል" አሉ።

ልጁ ጎንበስ ብሎ በመስታወቱ አሾልኮ ጥቁሩን ሸክላ አየ። "ምን ይላል ዘፈኑ?"

"ወላሂ አላውቅም። የሚዘፍነው ሰውዬም የሚያውቀው አይመስለኝም፣ ሲጮህ ነው የሚውለው።"

ከኋላ አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣት፤ ፈታሹም ከንፈሩን ነክሶ ወረደና የአውቶቡሱን ጎን በመዳፉ መታ፣ እለፍ ማለቱ ነው። ሐረጎን ስንወጣ ብርዱ በየመታጠፊያው እየጨመረ ገባ፤ በታችኛው መስታወት በኩል ቅዝቃዜው ጉልበቴ ላይ ሲደርስ ተሰማኝ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በብርድ እንዲህ ተደስቼ አላውቅም።

አርብ ዕለት፣ አብዬ ይማም ከጁምዓ ሲመለሱ፣ የሰይድ ክፍል ውስጥ ማጫወቻውን ከአልጋው ሥር አወጣን። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድነው፣ ድምፁን ዝቅ አደረግሁት፣ መርፌውን አሳረፍሁት። የሸክላው መሃል ቀንቷል፤ ጠርዙ ግን ገና ሞገድ ነበረው፣ መርፌው እንደ ጀልባ ሽቅብ ቁልቁል ይላል፣ የመጀመሪያው ዘፈንም አብሮት ይወዛወዛል። አብዬ ይማም አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ራሳቸውን አዘንብለው ያዳምጣሉ።

"እንዲህ ነበር እንዴ?" አሉኝ።

"አይደለም አብዬ። ጠርዙ አልቀናም፤ እንደገና ወርደን እንሞክረው።"

አሰቡና "ተወው" አሉ። "የቀረውን ሲመጣ ራሱ ያቃናዋል። ሁሉን ከጨረስንለት ምን ይሠራል?"

አሁንም እየሰሙ ነበር፣ ግን የተመቻቸው አይመስሉም፤ የጠፋበትን ነገር ኪሱ ውስጥ እንደሚፈልግ ሰው ሆኑ። በመጨረሻ ተነሱ። "ጎፈሬው፣ ይህን ዘፈን እኔ እዚህ ሆኜ ሰምቼው አላውቅም፣ ከግድግዳው ወዲያ ነው የምሰማው። አንተ እዚሁ ሁን" ብለው ወጡ። በኮሪደሩ እግራቸው ተጎተተ፣ በጎን ያለው የመኝታ ክፍላቸው በር ተከፈተ፣ አልጋቸው ሲጥ አለ። እኔ መርፌውን ወደ መጀመሪያው መለስሁት። ዘፋኙ እየተወዛወዘ ጀመረ፣ ከፍ አለ፣ ወረደ፣ ሊጮህበት ወደሚወደው ቦታ ደረሰ።

ያኔ ግድግዳው ተመታ። በቡጢ፣ ጠንከር ተደርጎ። ሰይድ እያለ አብዬ ይማም በየማታው የሚመቱት እንዲህ ነበር፦ ቀንስ፣ ሰው ይተኛ።

እጄ ቁልፉ ላይ ቀረ። ከዚያ ሰይድ ያደርገው እንደነበረው፣ ትንሽ ዝቅ አደረግሁት፣ ጥቂት ቆይቼ ደግሞ መልሼ ከፍ። ግድግዳው እንደገና ተመታ። ዝቅ አደረግሁት። ዘፈኑ እስኪያልቅ እንዲህ ስንባባል ቆየን፤ መርፌው ባዶውን ሲፋቅ ከወዲያ በኩል አፍንጫ ሲናፈጥ ተሰማ፣ ቀጥሎም "አልሐምዱሊላህ" የሚል ድምፅ፣ ቀስ ብሎ።

ከዚያ ወዲያ አርብ አርብ እሄድ ነበር። ስለ ሰይድ አንድም የተረጋገጠ ነገር አልመጣም፤ አብዬ ይማም በደርጉ መጨረሻ ዓመታት አረፉ፤ ቤቱ ፈርሶ ዛሬ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል፣ ሸክላውም ከዕቃው ጋር የት እንደገባ አላውቅም። የልጄ ባል ማጫወቻውን ትቶልኝ ሄዷል። ደግ ልጅ ነው፣ ሁሉን አሟልቶልኛል። ቤቴ ሰፊ ነው፣ ልጆቹ ወጥተዋል፣ ጎረቤቴም ከአጥር ወዲያ ሩቅ ነው። ማታ ማታ የዘፋኙን ትንፋሽ እየሰማሁ ቁልፉን ከፍ አደርገዋለሁ፣ አሁንም ከፍ፣ መስኮቱ እስኪርገበገብ። ከፍ አድርጌም ወደ ግድግዳው ዞሬ ጥቂት እጠብቃለሁ። ቀንስ የሚለኝ የለም።