ሁለት ስውር ሚስማሮች

ባሌ አናጢ ነው። የሰፈሩ ሰው «ስውር ሚስማር» ይለዋል፤ እሱም እንደ ማዕረግ ቆጥሮት ይኮራበታል። ሚስማሩን እንጨቱ ውስጥ ቀብሮ፣ ሰጋቱራ በኮላ ለውሶ ይደፍንበታል። በብርጭቆ ወረቀት ካሸው በኋላ እንኳን ሌላ ሰው፣ እሱ ራሱም አያገኘውም። እንግድነት ስንሄድ ሻይ እስኪቀርብ አይታገስም፤ የሰው ወንበር ገልብጦ ሥሩን ያያል። ስንቴ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ብያለሁ!

የሰባት ዓመቷ ልጃችን ራስ ምታት አልለቅ ሲላት ሐኪሙ ጭንቅላቷ ኤምአርአይ በሚሉት የማግኔት መሣሪያ ይታይ አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኔ የምጨነቀው ስለ ምርመራው ነው። እሷ ደግሞ የምትጨነቀው ስለ ሰይፍ ነው። የምትወደው የካርቱን ፊልም ላይ ያለችው ጀግና አስማተኛ ሰይፍ አላት፤ የሚያበራው የፈራ ሰው ሲይዘው ብቻ ነው። አልፈራም ባይ ከያዘው ተራ ዱላ ነው። አባቷ ያንኑ የሚመስል ከእንጨት ሠርቶ፣ ቢጫ ቀብቶ ሰጣት።

«ካለሱ ማሽኑ ውስጥ አልገባም» አለች። አልገባም ካለች አለች ነው፤ በማን ወጥታ!

ሆስፒታል ስንደርስ ባለሙያዋ የልጅቷን ጉትቻና የፀጉር መያዣ አስወለቀች። «ማግኔቱ ጠፍቶ አያውቅም» አለችን። «መርፌ እንኳ ይዘው ቢገቡ እንደ ጥይት ይወረወራል። ሰይፉ ብረት አለው?»

«የኔ እህት፣ ጥርት ያለ እንጨት ነው!» አለ ባሌ ደረቱን ነፍቶ።

አገላብጣ አየችው፤ ምንም አላገኘችም። ልጄን ከነሰይፏ ይዛ ወደ ማዘጋጃው ክፍል ገባች።

ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጥን። ባሌ ሲፈራ ወሬ ያበዛል፤ ጎንበስ ብሎ የወንበሩን ሥር ማየት ጀመረ።

«ይኼን የሠራው ሰው አያፍርም? ሚስማሩ ፊት ለፊት ተገትሮ! ምናለ ሰጋቱራ እንኳ ቢደፍን...»

አልጨረሰውም። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ምን ሆንክ?»

«እጀታው... እጀታው ላይ ሁለት ሚስማር አለ።»

ሃያ ዓመት ከሰው ሲደብቅ ከራሱም ደብቆታል። እንዴት እንደተነሳን አላውቅም። በሩን ገፍተን ስንገባ ባለሙያዋ የማሽኑን ክፍል ከፍታ፣ ልጄ አንድ እግሯን አንስታለች። «ቁሚ!» ብሎ ጮኸ ባሌ። ባለሙያዋ ልጄን ትከሻዋን ይዛ ወደ ኋላ ጎተተቻትና በሩን በእግሯ ዘጋችው።

«ሰውዬ፣ ልጅዎን ሊያስጨርሷት ነበር እኮ!» አለች፤ ከንፈሯ ደርቋል።

ባሌ ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አለ። አሁን ልጄ አልገባም ትላለች፣ ለቅሶው ሊጀመር ነው ብዬ ስጠብቅ፣ አባቷን ትክ ብላ አየችው።

«አባዬ፣ በቃ አንተ ያዘው። ከኔ ይልቅ አንተ ፈርተሃል።»

ሰይፉን እጁ ላይ አስቀምጣ ባዶ እጇን ገባች።

ማሽኑ ከግድግዳው ወዲያ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሲቀጠቅጥ ቆየ። ወደ ኮሪደሩ ተመልሰናል፤ ባሌ ሰይፉን በሁለት እጁ ወደ ላይ አቁሞ ተቀምጧል። አላፊ አግዳሚው ይስቃል። ሌላ ጊዜ ቢሆን በኀፍረት እሞት ነበር፤ ያን ቀን ግን ተጠግቼ እጀታውን አብሬው ጨበጥኩ።

በሩ ተከፈተ። «ውጤቱ ሐሙስ ይደርሳል» አለች ባለሙያዋ። ልጄ ግን የቸኮለችው ለሌላ ነው፤ ጫማዋን እንኳ ሳታጠልቅ መጣች።

«በራ?»

«እንዴት አይበራም!» አለ አባቷ። «እናትሽም ጭምር ይዛው!»