ቢጫው ክር

ሙጂባ ሰመራ ላይ የገመድና የዓሣ ማጥመጃ ሱቅ አላት። ዛሬ ከአፋምቦ የመጣ አንድ ጎልማሳ የተጎነጎነውን ክር ጫፍ በጥርሱ ነክሶ በግራ እጁ ይወጥራል። ቀኝ እጁ ሁለት ጣት ይጎድለዋል። ሸሚዙ ግን ተተኩሶ እስከ አንገቱ ተቆልፏል።

«ናይለኑም ጠንካራ ነው፣ ጋሼ» አለችው።

«ይለጠጣል። እኔ ብቻዬን እየቀዘፍኩ፣ ክሩን እግሬ ላይ አስሬ ከጀልባው ኋላ ነው የምጎትተው። ይሄ ስለማይለጠጥ ዓሣው ገና ሲነካው እግሬ ያውቃል።»

«ለምን ብቻዎን?»

«ጣቶቼን የበላው የዓሣ አጥማጆች ማኅበራችን መረብ ነው። ከዚያ ‹ጎዶሎ እጅ አይጎትትም› ብለው አስወጡኝ።» ድምፁን ከፍ አላደረገም።

ሙጂባ ከተጎነጎኑት ውስጥ ውሃ ውስጥ የማይታየውን አረንጓዴ ክር አቀረበችለት። እሱ ቢጫውን አነሳ።

«ይሄንማ ዓሣው ያየዋል።»

«መንጠቆው ጋ ሁለት ክንድ ናይለን እቀጥልበታለሁ፤ አያየውም። ቢጫው ለማኅበሩ ሰዎች ነው። በየማለዳው በፊታቸው ስጎትት፣ ከዳር ቆመው ይዩት።»

ሙጂባ «አላህ ሲሳይ ይስጥዎ» ልትለው አሰበችና ተወችው። ሰውየው ሲሳይ ፍለጋ አልነበረም የመጣው።